አባቴን «እሳቸው» ያልኩ ዕለት

እኔ በቀላሉ የምደነግጥ ሰው አይደለሁም። ስልሳ ስንት ዓመት የድሬዳዋ ፀሐይ አናቱን የመታው ሰው ምን ያስደነግጠዋል? ባለፈው ሳምንት ግን የልጅ ልጄ ቤዛ በአንዲት ቃል የያዝኩትን የዘይቱን ሳህን አስጣለችኝ። ስምንተኛ ክፍል ናት። «የማከብረው ሰው» በሚል ርእስ ክፍል ፊት ቆማ የምታቀርበው የአምስት ደቂቃ ንግግር ታዝዛ ነበርና እኔን መርጣ፣ ስልኳን አፍንጫዋ ሥር ይዛ፣ ሳሎን መሀል ቆማ ትለማመዳለች። «አያቴ ወይዘሮ አስቴር ታታሪ እናት ናቸው። እሳቸው በማለዳ ይነሣሉ...» ስትል ሳህኑ ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ተሰበረ። ዘይቱኑ እስከ በሩ ድረስ ተንከባለለ።

«እንዴ፣ እማማ! ምን ሆንሽ አቦ?»

«ማናት እሳቸው?» አልኳት።

«አንቺ ነሻ!»

«እኔ ከመቼ ወዲህ ነው እሳቸው የሆንኩት? ምን በድዬሽ ነው?»

«ኧረ እኔ አይደለሁም፣ ስልኩ ነው። ወላሂ፣ ስለ አያቴ ንግግር ጻፍልኝ ነው ያልኩት፤ እሱ ነው እንዲህ አድርጎ የጻፈው።»

ሳቀች። ስብርባሪውን ስትጠርግ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የልጅ ልጄ የመሰላት ለሳህኑ የደነገጥኩ ነው፤ «ታይዋን ገበያ ሄጄ ሌላ እገዛልሻለሁ» አለችኝ።

ከሌላ አገር ለመጣ አንባቢ ይህ ግራ ያጋባል፤ ስለዚህ ላስረዳ። በእኛ ከተማ «አንቱ» እና «እርስዎ» ከሰው አፍ አይወጡም። አባትን አንተ፣ አያትን አንቺ፣ ዳኛውን አንተ፣ የንስሐ አባትን ሳይቀር አንተ ብለን ነው ያደግነው። ንቀት አይደለም። አንተ ያልነው ሰው የቤታችን ሰው ነው። ተቃቅፈው የኖሩ ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ቀን «እርስዎ» መባባል ከጀመሩ ግን ነገሩ ከርሯል ማለት ነው፤ ሽማግሌ ቶሎ መላክ ያስፈልጋል። እኔም በዚህ ጽሑፍ ሁሉንም ሰው እንደ አገሬ ወግ «እሱ» እና «እሷ» እያልኩ ነው የምተርከው። አንድ ሰው ብቻ «እሳቸው» ይባላሉ። ምክንያቱም ይነገራል።

ያኔ ቤታችን ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ከነበሩት የሠራተኛ ቤቶች አንዱ ነበር፤ ባቡር ሲገባ የቁም ሣጥኑ መስታወት ይንቀጠቀጣል። አባቴ ታደሰ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር። ሰማያዊ ካኪ፣ ጠርዙ ጥቁር የሆነ ቆብ፣ በቀበቶው ላይ የተንጠለጠለ ትኬት መብሻ። ትኬት ሲበሳ የሚወድቁት ክብ ክብ ወረቀቶች ኪሱ ውስጥ ይጠራቀሙና፣ እናቴ ልብሱን ልታጥብ ኪሱን ስትገለብጠው ግቢው ውስጥ ይበተኑ ነበር። እነዚያን እየለቀምኩ እንደ ገንዘብ እጫወትባቸዋለሁ። ከጅቡቲ መስመር ሲመለስ ባዶ እጁን መጥቶ አያውቅም፤ ወይ ተምር፣ ወይ የቆርቆሮ ብስኩት፣ አንዴ ደግሞ በመንገድ ላይ ስሄድ ሰው ሁሉ የዞረልኝ ሎሚ ቀለም የናይለን ሸሚዝ። ወንዶቹ ከጉልበቱ በታች እንደ ቀሚስ የሰፋ ሱሪ የሚለብሱበት፣ ያን ሱሪ ለብሰው በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር መንገዱን እየጠረጉ የሚሄዱበት ዘመን ነው። ከከዚራ እስከ መጋላ በጋሪ አሥር ሳንቲም፤ ሙሸበክ፣ ያ ማር የሚያንጠባጥብ ጠምዛዛ ጣፋጭ፣ አምስት ሳንቲም። ሰዓቱ ስድስት ሲል ከተማው በሙሉ በሩን ዘግቶ፣ ወንዱ ሽርጡን ሴቷ ስስ ቀሚሷን ለብሳ ይተኛል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፊቱን ታጥቦ እንደ አዲስ ቀን ይጀምራል። ዛሬ ልጆቹ በዚያ ሰዓት ስልክ ላይ ናቸው። ከጥግ ካለው ሻሂ ቤት የሱዳን ዘፈን ይሰማል፤ ካለቀ በኋላ የሶማሊኛው ይቀጥላል። ትርጉሙን ባናውቅም ሁሉንም በቃላችን ይዘነው ነበር።

እንግዲህ «እሳቸው» የምላቸው ሰው ሻምበል ናቸው። ሻምበል በወር አንዴ ከሁርሶ የጦር ሠፈር ይመጡ ነበር። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ጫማቸው ፊት የሚያሳይ። ኮቾሮ የሚባለውን ድንጋይ የሚያህል የወታደር ብስኩት በወረቀት ጠቅልለው ያመጡልኛል። ደብተሬን ያገላብጣሉ፣ «ሒሳብ ላይ በርቺ» ይላሉ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጥተው ይሄዳሉ። የአባቴ ወዳጅ ናቸው እባል ነበር። ግን እሳቸው በመጡ ቁጥር አባቴ የዕረፍት ቀኑም ቢሆን ቆቡን አድርጎ ይወጣል። እናቴ ደግሞ ገና አፌን ስፈታ ጀምራ «እርስዎ በያቸው» ብላኛለች። ለምን ስላት «ሻምበል ናቸዋ» አለችኝ። በከተማው ያለውን ሰው ሁሉ አንተ እያልኩ፣ ለእሳቸው ብቻ ምላሴን እያስተካከልኩ «እርስዎ ደህና ሰነበቱ?» እላለሁ። በቤታችን «እሳቸው መጡ» ከተባለ ሌላ ሰው የለም፣ ሻምበል ናቸው።

ስምንተኛ ክፍል ስገባ መምህር አያሌው መጣ። ከጎጃም የመጣ፣ በዚያ ሙቀት ኮት የሚለብስ፣ ደግና ቀጥ ያለ የአማርኛ አስተማሪ። የመጀመሪያው ቀን ክፍል ሲገባ ሁላችንም ተነሥተን በአንድ ድምፅ «እንደምን አደርክ መምህር!» ስንለው ጠመኔው ከእጁ ወደቀ። ሊሰድበው የተነሣ ክፍል መሰለው። ቀስ በቀስ ሲገባው፣ ይህን ጉድ እኔ አስተካክለዋለሁ ብሎ ተነሣ። ለእኛም ንግግር የታዘዘው ለዚህ ነበር። ርእሱ «የማከብረው ሰው»፣ አምስት ደቂቃ፣ ያለ ወረቀት፣ በወላጆች ቀን፣ በአዳራሽ፣ ከሃያ የሚታረም።

«ታላቅን አንተ ያለ ሰው» አለን፣ «ንግግሩን ባይጀምረው ይሻለዋል።»

ስለ አባቴ ጻፍኩ። ሁለት ገጽ ሙሉ። «አባቴ በማለዳ ይነሣል፣ ዩኒፎርሙን ይለብሳል» ብዬ ጀምሬ። መምህር አያሌው በቀይ ቀለም እያንዳንዱን ግሥ ሰርዞ መለሰልኝ፤ ወረቀቱ በሽፍታ የተያዘ ፊት መሰለ። «ይነሣሉ። ይለብሳሉ። እሳቸው። አስቴር፣ ወላጅሽን ታከብሪያለሽ አይደል?» አለኝ። አከብረዋለሁ አልኩት። «አከብራቸዋለሁ» አለኝ።

ሁለት ሳምንት አጠናሁ። ጠዋት በመስታወቱ ፊት፣ ማታ ማታ ደግሞ ፀሐይ ስትበርድ ደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ላይ፣ ጓደኛዬ ሆዳን ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሕዝብ ሆናልኝ። ሆዳን አባቷ ባለ ሱቅ ነው፤ ከሶማሊኛው ወደ አማርኛው፣ ከአማርኛው ወደ ኦሮምኛው እየዘለለች የምታወራ፣ ማንንም የማትፈራ ልጅ ነበረች። «ይነሣሉ» ባልኩ ቁጥር በሳቅ ትፈርሳለች።

«ወሪያ አስቴር፣ አባትሽ ስንት ሰው ነው? ይነሣሉ፣ ይለብሳሉ! ሰፈሩ በሙሉ አባትሽ ሆነ እንዴ?»

«ማርክ ነው አቦ፣ ተዪኝ» አልኳት።

ለአባቴም ለእናቴም አልነገርኳቸውም፤ ላስደንቃቸው ፈልጌ ነው። አባቴን ቅዳሜ ትምህርት ቤት ና፣ አንድ ነገር ታያለህ ብቻ አልኩት። እናቴ ሐረር የታመመች እህቷን ልትጠይቅ ሄዳ ነበር። እሷ ቤት ብትሆንና አንዴ ብትሰማኝ ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር እያልኩ ብዙ ዓመት አስቤዋለሁ።

ቅዳሜ አባቴ ካኪውን አስተኩሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ሽቶ ተቀብቶ መጣ። ሦስተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ሆዳን ከእኔ በፊት ወጣች። «እናቴ ጎበዝ ናት፣ ከጅቡቲ ጨርቅ ታመጣለች» ብላ ስትጀምር መምህር አያሌው ከጥግ «ናቸው፣ ያመጣሉ» አላት። ሆዳን ዞር አለች። «መምህር፣ አንተ እናቴን አታውቃትም። እሳቸው ካልኳት ማታ በጫማ ነው የምትለኝ!» አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ የሆዳን እናት ከሁሉም በላይ ሳቀች። አባቴም ሲስቅ አየሁት። ጥርሱን እንዳየሁ ፍርሃቴ ለቀቀኝና መድረኩ ላይ ወጣሁ።

«የማከብራቸው ሰው አባቴ ናቸው» ብዬ ጀመርኩ። «አባቴ በማለዳ ይነሣሉ። ዩኒፎርማቸውን ይለብሳሉ። ጫማቸው ሁልጊዜ እንዳበራ ነው።» የአባቴ ሳቅ ቆመ። አላስተዋልኩትም፤ ዓይኔን እንደተማርኩት ከኋላው ግድግዳ ላይ ተክዬ ነበር። «እሳቸው ከሩቅ ሲመጡ ባዶ እጃቸውን አይመጡም። ሁልጊዜም ለእኔ ብስኩት ይዘው ይመጣሉ። እኔ እሳቸውን ሳይ ደስ ይለኛል። እሳቸው ባይኖሩ...»

ወንበር ተጎተተ። አባቴ ቆሞ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ሰው ባቡር ሲገጨው እንኳ አይቶ ቤት መጥቶ ራቱን የበላ ሰው ነው።

«ማነው የነገረሽ?» አለ።

ቆቡ ከጉልበቱ ወድቆ ነበር፤ ሳያነሣው በሰው እግር ላይ እየተረማመደ ወጣ። መምህር አያሌው «ቀጥዪ፣ አስቴር» አለኝ በሹክሹክታ። መቀጠልማ የታለ። ከመድረኩ ዘልዬ ወረድኩ፣ ቆቡን አንሥቼ ተከተልኩት።

ከግቢው በር አልፎ፣ ጥግ ላይ ያለውን ትልቅ ዛፍ በአንድ እጁ ተደግፎ አገኘሁት። እዚያው ጥላ ሥር ሙሸበክ ሻጩ ትሪውን ይዞ ቆሟል። ዛሬም ድረስ ያ ትሪ ዓይኔ ላይ አለ፤ ስንት ዝንብ እንዳረፈበት፣ የቱ ጠምዛዛ እንደተሰበረ ልነግራችሁ እችላለሁ። ሰው ሲደነግጥ ዓይኑ የማይረባ ነገር ላይ ይተከላል መሰለኝ።

«ማነው የነገረሽ?» አለኝ ደግሞ። «እሱ ነው ወይስ እናትሽ?»

«ምኑን?»

«አትደብቂኝ። በሰው ሁሉ ፊት አውርተሽዋል። አባቴ እሳቸው ናቸው አልሽ። ዩኒፎርም፣ ጫማ፣ ብስኩት።»

«ስላንተ ነው እኮ ያወራሁት!»

«እኔን ነው እሳቸው ያልሽው?»

«መምህር አያሌው ነው በዪ ያለኝ። አንተ ካልኩ ማርክ ይቀንሳል።»

አባቴ አየኝ። ሳቀ። ሳቁ ግን መሀል ላይ ተሰበረና ወደ ለቅሶ ሄደ። ትልቅ ሰው፣ ካኪ የለበሰ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሙሸበክ ሻጭ እያየው አለቀሰ። እኔ ያኔ ነው የገባኝ። ማንም ምንም ሳይለኝ፣ «ማነው የነገረሽ» ያለው ነገር ምን እንደሆነ ከእግሬ ጀምሮ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ወጣብኝ።

«ሻምበል ናቸው?» አልኩት።

መካድ ይችል ነበር፤ አልካደም። ዛፉ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥን፤ ነገረኝ። ሻምበል ለእናቴ ቀለበት አድርገውላት፣ ሳይጋቡ ወደ ዘመቻ ሄዱ። እናቴ እኔን በሆዷ ይዛ ቀረች። ሞተ ተብሎ መርዶ መጣ፤ ጥቁር ለበሰች። አባቴ ጎረቤት ነበር። እኔ የሦስት ወር ልጅ ሆኜ ነው ያገባት፤ ስሙንም ሰጠኝ። ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ የሞቱት ሰውዬ መጡ።

«ትኬቱን የበሳሁለት እኔ ነኝ» አለኝ አባቴ። «ወንበሩን አልፌው ልሄድ ስል፣ የድሬ ሰው ነህ፣ ዘነበች የምትባል ታውቃለህ ወይ አለኝ። አውቃታለሁ፣ ሚስቴ ናት አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እስከ ድሬ ሁለታችንም ቆመን መጣን። ባዶ ወንበር ሞልቶ ነበር።»

እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። «ልጅህን አይተህ ትሄዳለህ፣ አልከለክልህም አልኩት። አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት። እኔ በሕይወት እስካለሁ አንተ የምትለው አባት እኔ ልሁን። አንተን እርስዎ ትበልህ። እጄን መትቶ ተስማማ። እስከ ዛሬ ቃሉን ጠብቋል። እንግዲህ አወቅሽ። ከዛሬ በኋላ ማንን ምን እንደምትዪ...» ቃሉን አልጨረሰውም። ይጠብቀኛል፤ አሥራ አራት ዓመት ያልሞላት ልጅ አፏን ከፍታ ምን እንደምትለው እየፈራ።

እኔም ከዚያ ሁለት ገጽ ንግግር አንዲት ዓረፍተ ነገር አልመጣልኝም። ብዙ ነገር ልጠይቀው እፈልግ ነበር፤ ተናድጄም ነበር፤ ሁሉም ሰው ሲያውቅ እኔ ብቻ ሳላውቅ መቅረቴ አንገበገበኝ። እጄን ሳይ ግን ቆቡ አለ።

«ቆብህን ረስተሃል» አልኩት።

ቆብህን። ሰማት። ተቀብሎኝ አቧራውን ሳያራግፍ አናቱ ላይ ደፋው። አምስት ሳንቲም አውጥቶ ሙሸበክ ገዛልኝ፤ ሻጩ የተሰበረውንም ጨመረልን። ቤት እስክንደርስ እጄን አለቀቀውም።

ከሃያ አሥራ አንድ አገኘሁ። «ንግግሩን አቋርጣ ወጥታለች» ይላል ወረቀቱ። መምህር አያሌው ነገሩን ከሰው ሰምቶ ሰኞ ዕለት ቤታችን መጣ፤ ኮቱን አውልቆ አባቴን ይቅርታ ጠየቀ። አባቴ «አንተ ምን አደረግክ? ተቀመጥ» አለው። በዚያው ወዳጅ ሆኑ። ክረምት ላይ አገሩ ሄዶ ሲመለስ እየሳቀ የነገረን፣ ደጅ የተቀመጠ የገዛ አባቱን ሳያስበው «እንዴት ከረምክ?» ብሎት፣ ሽማግሌው ዱላውን አንሥቶ እንዳባረረው ነው።

ሻምበልም በወሩ መጡ። አባቴ ነግሯቸው ነበር። ኮቾሮውን ሰጡኝ። «እርስዎ ደህና ሰነበቱ?» አልኳቸው። «ደህና ነኝ» አሉኝ። አባቴ ያን ቀን ቆቡን አድርጎ አልወጣም። ከዚያ በኋላ ሁላችንም እያወቅን፣ ማናችንም ሳናወራው ዓመታት አለፉ። ትምህርቴን ጨረስኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ሻምበል ጡረታ ወጥተው እዚያው ሁርሶ ቀሩ፤ ዓይናቸው ደክሞ መምጣትም አቆሙ።

ቤዛ ይህን ሁሉ ሰምታ ዓርብ ዕለት ንግግሯን አቀረበች። እኔም ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። ስልኩ የጻፈውን አጥፍታ፣ «አያቴ አስቴር ጠዋት ትነሣለች፣ መጀመሪያ ሥራዋ እኔን መቆጣት ነው» ብላ ጀመረች። አስተማሪዋ ሁለት ማርክ ቀነሰችባት። «ይቀነስ አቦ» አለች። ባጃጅ ውስጥ ስንመለስ ግን እጄን ነካችኝ።

«እማማ፣ ሻምበልን አንድ ቀንም አንተ ሳትዪው ነው የሞተው?»

አልኩት። አንተ ያልኩት አባቴ የሞተ ጊዜ ነው። ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው ጠርቶኝ «እኔ ካለፍኩ በኋላ እሱንም አንተ በይው፤ ብዙ ታግሷል» አለኝ። በቀበርነው በአራተኛው ቀን ወደ ሁርሶ ተሳፈርኩ። ያኔ ስልክ የት አለ? ሁላችንም ሌላው ነግሯቸዋል ብለን ነበር፤ ለካ ማንም አልነገራቸውም። ባቡሩ ውስጥ ትኬቴን ሲበሱልኝ ክቧ ወረቀት ጥቁር ቀሚሴ ላይ ወደቀች፤ አላራገፍኳትም። መንገዱን በሙሉ ንግግር አዘጋጀሁ። ሰው ይታመማል፣ ዕድሜ ይገፋል፣ እግዜር የወደደውን ያደርጋል፣ እያልኩ መርዶውን የማለሳልስበትን ቃል ደረደርኩ፤ ልክ እንደ ልጅነቴ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አጠናሁት።

ሻምበል ደጃፋቸው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ጥቁር ልብሴን አያይም። ኮቴ ሰምተው አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ንግግሬን ልጀምር መጀመሪያ ሰላምታ ማቅረብ ነበረብኝ።

«ደህና ሰነበትክ?» አልኩት።

ፈገግ ሊል ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ወዲያው ቀጥ ብሎ ቀረ። እንደዚያ ቀጥ ያለው ወታደር በርጩማው ላይ ሲሸበሸብ አየሁት። በእጁ አየሩን ዳሶ ክንዴን ያዘኝ።

«ታደሰ ሞተ እንዴ?» አለኝ።